ለሳሪስ ኮንዶሚኒየም የታቀደ የጌም ኮምፒውተር፦ ወንድሜ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት ዝርዝሩን እዩልኝ

የሳሪሷ

ሰላም ለሁላችሁ። ለብዙ ጊዜ ስመኘው የኖርኩትን የጌም ኮምፒውተር ልሠራ ነው። ወንድሜ ለገና ከሜሪላንድ ስለሚመጣ ዕቃዎቹን እሱ ገዝቶ ያመጣል፤ መገጣጠሙን እዚሁ ቤት እንሠራዋለን። ሞኒተርን ጨምሮ 1,600 ዶላር ይዣለሁ። ቤታችን ሳሪስ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። መብራት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ይጠፋል፣ ማታ ማታ ደግሞ ይዋዥቃል። በብዛት የምጫወተው ኤፍሲ (የእግር ኳሱ) እና ዶታ 2 (ኢንተርኔት ላይ በቡድን የሚጫወቱት) ቢሆንም ከባድ ግራፊክስ ያላቸውን ባለ ታሪክ ጌሞችም በወጉ ማየት እፈልጋለሁ።

ያወጣሁት ዝርዝር ይኸውና፦

ፕሮሰሰር፦ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ
ቪዲዮ ካርድ፦ አርቲኤክስ 5070 ባለ 12 ጊጋ
ማዘርቦርድ፦ ቢ650፣ ዋይፋይ ያለው
ራም፦ ዲዲአር5 6000፣ ባለ 8 ጊጋ 4 ፍሬ
ኤስኤስዲ፦ ኤንቪኤምኢ 1 ቴራ
ፓወር ሰፕላይ፦ 550 ዋት፣ ርካሹን
ኬዝ፦ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ
ሞኒተር፦ 27 ኢንች 4ኬ፣ 60 ኸርዝ
ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ)፦ 1000 ቪኤ፣ ይህም ከአሜሪካ

ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። ገንዘቡ በትክክል ተከፋፍሏል ወይ? የመብራቱን ነገር እንዴት ላድርገው? የትኛው ዕቃ ከዚያ ይምጣ፣ የትኛው እዚህ ይገዛ?

ብሎን_ፈቺ

እህቴ፣ ዝርዝሩ መጥፎ አይደለም፤ ግን ገንዘቡ ፕሮሰሰሩ ላይ ተከምሮ ለፓወር ሰፕላዩ ሳይደርስ አልቋል። 7800ኤክስ3ዲ ሲወጣ ዋጋው 449 ዶላር፣ ራይዘን 5 7600 ደግሞ 229 ነበር። 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮር አለው፣ 7600 ደግሞ 6፤ በጌም ላይ ዋናው ልዩነት ግን ካሹ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ማስታወሻ) ነው፦ 96 ሜጋባይት ኤል3 ከ32 ጋር። ያ ትልቅ ካሽ የሚያግዘው ፕሮሰሰሩ ራሱ ሲጨናነቅ ነው፤ በ1080ፒ (ዝቅ ባለ የስክሪን ጥራት) በሰከንድ 300 ፍሬም (ምስል) ለማውጣት ሲሞከር፣ ወይም በስትራቴጂና በሲሙሌሽን ጌሞች። በ1440ፒ (ከፍ ባለ ጥራት) ከባድ ጌም ስትከፍቺ ግን ቀድሞ የሚደክመው ቪዲዮ ካርዱ ስለሆነ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች የሚሰጡሽ ፍሬም ተቀራራቢ ነው። 7600 ማቀዝቀዣውን በካርቶኑ ውስጥ ይዞ ይመጣል፣ ለ7800ኤክስ3ዲ ግን ለብቻ ትገዢያለሽ። ሶኬታቸው አንድ ዓይነት፣ ኤኤም5 ነው፤ ስለዚህ በ7600 ጀምረሽ ወደፊት ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ትችያለሽ።

ራሙን 4 ፍሬ አታድርጊው። ቢ650 ላይ አራት ቀዳዳ ቢኖርም የፕሮሰሰሩ የራም መቆጣጠሪያ ባለ ሁለት ቻናል ነው፤ በእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ሁለት ራም ሲሰካ ጫናው ይበዛበታል። የራይዘን አምራቹ ኤኤምዲ ለ7000 ትውልድ ዋስትና የሚሰጠው ፍጥነት በሁለት ፍሬ 5200 ሲሆን በአራት ፍሬ ወደ 3600 ይወርዳል። ሁለት ፍሬ በኤክስፖ (ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራ ቅንብር) አማካይነት 6000 ላይ ያለችግር ይሠራሉ፤ አራቱን በዚያ ፍጥነት ለማስነሳት መሞከር ግን ወይ አልነሳም ማለትን ወይ ጌም መሀል መዝጋትን ያመጣል። ባለ 16 ጊጋ 2 ፍሬ፣ በአንድ ፓኬት የታሸገ፣ 6000 ሲኤል30 (የመዘግየት መለኪያው) ይሁን። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በጣም ስለ ጨመረ በጀቱ ካልፈቀደ ፍጥነቱን ወደ 5600 አውርዱት እንጂ ጊጋውን አትቀንሱ።

ሞኒተሩን በተመለከተ፦ 4ኬ ማለት 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው፣ 1440ፒ ደግሞ 3.7 ሚሊዮን። ቪዲዮ ካርዱ ለእያንዳንዱ ፍሬም ከእጥፍ በላይ ይሠራል ማለት ነው። በዚያ ላይ 60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ዶታ 200 ፍሬም ቢያወጣም ዓይንሽ የሚያየው 60ውን ብቻ ነው። 27 ኢንች፣ 1440ፒ፣ አይፒኤስ (የስክሪን ዓይነት)፣ 165 ወይም 180 ኸርዝ ያለው ለአንቺ ጨዋታ ይበልጣል፤ ዋጋውም ከ4ኬ አይብስም።

ፌዝና_ኒውትራል

እኔ ደግሞ ዕቅዱ ከግድግዳው ሶኬት ይጀመር ባይ ነኝ። መብራት የሚዋዥቅበት ቤት ውስጥ የትኛው ካርድ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ። አርቲኤክስ 5070 እስከ 250 ዋት ይወስዳል። ፕሮሰሰሩ ጌም ላይ 80 ገደማ፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፋኖች 50 ብንል 380 ዋት ሆነ። ፓወር ሰፕላዩ ራሱ ሲሠራ ወደ 10 በመቶ ያህሉን በሙቀት መልክ ስለሚያባክን ከግድግዳው የሚሳበው 420 ይጠጋል፤ ሞኒተሩ 40 ሲጨመርበት 460። በዚህ ላይ ቪዲዮ ካርድ ለሚሊሰከንዶች ከተጻፈለት በላይ ዘሎ ይስባል። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ለ5070 የሚመክረው 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው። 550ውን ተዪው፤ 750 ዋት፣ 80 ፕላስ ጎልድ (የብክነት ማነስ ደረጃ)፣ ስሙ የታወቀ ግዢ።

ርካሽ ፓወር ሰፕላይ እዚህ አገር ለምን በቶሎ ችግር ያመጣል? ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አይበልጥም። ያችን ቅጽበት የሚሸፍነው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች) ነው። ደህናው ሙሉ ጭነት ላይ ሆኖ እንኳ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዞ ይቆያል። ርካሹ ካፓሲተሩ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይጨርሳል፤ ዩፒኤሱ በርቶ ሳለ ኮምፒውተሩ ጭልም ይላል። ሰው ዩፒኤሱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የፓወር ሰፕላዩ ነው።

ዩፒኤሱ ላይ ቪኤ እና ዋት አንድ አይደሉም። 1000 ቪኤ የሚባለው በአብዛኛው 600 ዋት ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ዋቱን ፈልጊ። ለአንቺ 1500 ቪኤ፣ 900 ዋት፣ ላይን ኢንተርአክቲቭ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ ባትሪውን ሳይነካ ያስተካክላል። የሚቻል ከሆነ ባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ሞገድ ንጹሕ ሳይን ዌቭ ይሁን። ርካሾቹ የሚያወጡት ደረጃ ደረጃ የሆነ ሞገድ ነው፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚሳበውን ኃይል የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች አንዳንዴ አይቀበሉትም፣ ልክ መብራት ሲጠፋ ይዘጋሉ። በ460 ዋት ጭነት የምታገኚው ጥቂት ደቂቃ ነው። የጀመርሽውን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል፣ ለመጫወት አይደለም።

እና እባክሽ ዩፒኤሱ ከአሜሪካ እንዳይመጣ! እዚያ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ባትሪውም ከባድ ነው። እዚሁ ይገዛ።

የሳሪሷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዩፒኤሱን ሰረዝኩት። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ቤት ውስጥ ለፍሪጅ የገዛነው ጠቅ ጠቅ የሚል ስታቢላይዘር አለ፤ ልጠቀምበት? ሌላው፣ አሁን ያለኝ አሮጌ ኮምፒውተር ኬዙን ሲነኩት እጅ ይነዝራል። አዲሱም እንዲሁ ይሆናል?

ፌዝና_ኒውትራል

ጠቅ ጠቅ የሚለው ውስጡ ያለው ሪሌ ቮልቴጅ ሲቀያይር ነው። የፍሪጁን ስታቢላይዘር ከፍሪጁ አትንጠቂው። ለኮምፒውተሩ ሌላ መጨመር ካስፈለገሽ ቅደም ተከተሉ ግድግዳ፣ ስታቢላይዘር፣ ዩፒኤስ፣ ኮምፒውተር ይሁን። ስታቢላይዘር ከዩፒኤስ በኋላ አይገባም፤ ሪሌው በዘለለ ቁጥር ዩፒኤሱ ሊሸፍነው የማይችል ክፍተት ይፈጠራል። የሚያስፈልገውም ማታ ቮልቴጁ በጣም ወርዶ ዩፒኤሱ በየደቂቃው ወደ ባትሪ የሚዞር ከሆነ ብቻ ነው፤ እንዲያ ሲሆን ባትሪው ዕድሜው ሳይደርስ ያልቃል።

መንዘሩ የኤርዝ (ትርፍ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ጉዳይ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከፌዝና ከኒውትራል (ከሁለቱ የመብራት ሽቦዎች) ወደ ብረቱ አካል የሚሄዱ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው ረብሻውን ወደ ኤርዝ ማስወገድ ነው። ኤርዝ ከሌለ ኬዙ በሁለቱ መሀል ተንጠልጥሎ 110 ቮልት ገደማ ይይዛል። ኩረንቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጥልም፤ ዕቃን ግን ይጎዳል። በተለይ ኮምፒውተሩን የዲሽ ገመድ ከተሰካበት ቴሌቪዥን ጋር ስታገናኚ ተጠንቀቂ፦ የዲሽ ገመዱ በሰገነት ብረት በኩል ከመሬት ጋር ሊገናኝ ይችላል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ተንጠልጥሏል፤ ኤችዲኤምአይ ገመዱን ስትሰኪ ልዩነቱ በጫፉ ላይ ያልፍና ወይ የቴሌቪዥኑን ወይ የቪዲዮ ካርዱን ቀዳዳ ያቃጥላል። ኤርዙ እስኪስተካከል ድረስ ሁለቱንም ከግድግዳ ነቅለሽ ብቻ ኤችዲኤምአይ ሰኪ።

ኤሌክትሪሻን ጥሪና በቴስተር ሦስቱን ይለካ። ፌዝና ኒውትራል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ኤርዝም 220 አካባቢ፣ ኒውትራልና ኤርዝ ከጥቂት ቮልት የማይበልጥ መሆን አለበት። ፌዝና ኤርዝ 60 ወይም 90 እያለ የሚወዛወዝ ቁጥር ካሳየ ሶኬቱ ላይ የኤርዝ ብረት አለ እንጂ ሽቦው የትም አልደረሰም። ኤርዝን ከውኃ ቧንቧ ጋር እናስረው የሚል ባለሙያ ከመጣ አሰናብቺው። ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ በፕላስቲክ ተቀይሮ ከሆነ የጎረቤትሽን ቧንቧ ኤሌክትሪክ አስያዝሽው ማለት ነው። ማከፋፈያውም ሦስት ሽቦ ያለው ይሁን፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ማከፋፈያ የግድግዳውን ኤርዝ ዋጋ ያሳጣዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ለራውተሩ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ ግዢለት፤ አስቀድመሽ የራውተሩ አስማሚ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አንብቢ። ዶታ መሀል መብራት ብልጭ ቢል ኮምፒውተሩ ተርፎ ራውተሩ ከወደቀ ተመልሶ እስኪነሳ ጨዋታው አለቀ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ወንድምሽ እዚሁ ሜሪላንድ እኛ አካባቢ ስላለ የመግዛቱንና የማምጣቱን ነገር ልንገርሽ።

ከዚህ የሚመጡት ትንሽና ውድ የሆኑት ናቸው፦ ፕሮሰሰር፣ ቪዲዮ ካርድ፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ። ኬዝ አየር ስለሆነ ሻንጣ ይጨርሳል፤ አዲስ አበባ ግዢው። ሞኒተር ሊመጣ ይችላል፣ ግን የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ ይለካ። ስክሪኑ ላይ ዕቃ ከተጫነበት መሰንጠቁ አይቀርም፤ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚያው ይገዛ።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይመልከት። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ አይግዛ፤ 115 ላይ ተረስቶ 220 ሲሰካ ይፈነዳል። የአሜሪካው ገመድ ሹካው ጠፍጣፋ ስለሆነ እዚያ አይገባም፤ ባለ ክብ ሹካ፣ ኤርዝ ያለው የኮምፒውተር ፓወር ኬብል እዚያ በርካሽ ይገኛል።

ትልቁ ምክሬ ሳይሞከር ምንም ነገር አይጫን ነው። ዋስትናው በአብዛኛው የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው፤ ሳሪስ ላይ የተበላሸ ማዘርቦርድ ለመመለስ ሰው እስኪመጣ ይጠበቃል። ስለዚህ ግዢው ከበረራው ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይደረግ። ኬዝ አያስፈልገውም። ማዘርቦርዱን በራሱ ካርቶን ላይ አስቀምጦ ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ ይሰካ። 7600 ውስጡ ትንሽ ግራፊክስ ስላለው መጀመሪያ ያለ ቪዲዮ ካርድ ባዮስ (የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም) ይክፈት፤ ኤስኤስዲውና የራሙ መጠን መታየታቸውን ይይ። ከዚያ ቪዲዮ ካርዱን ሰክቶ ዊንዶውስ ይጫንና አንድ ሰዓት ጌም ያስኬድበት።

እግረ መንገዱን ደግሞ ጌሞቹን እዚሁ ያውርድልሽ። ከባድ ጌም አንዱ ብቻ ከ100 ጊጋ ያልፋል። ኤስኤስዲው ላይ የስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ላይብረሪ ፎልደር ከፍቶ በአንቺ ስም የተገዙትን ያውርድ፤ እዚያ ስቲም ስቶሬጅ ውስጥ ያንን ዲስክ ስትጨምሪ ፋይሎቹን አይቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ለዚህ ሲባል 1 ቴራው 2 ቴራ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሲነቀል ፕሮሰሰሩ በፕላስቲክ መያዣው ይመለስ፤ የማዘርቦርዱ የሶኬት መክደኛም እንዳይጠፋ። ኤኤም5 ላይ ቀጫጭኖቹ ፒኖች ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ነው፣ አንዷ ከታጠፈች የራም ቀዳዳ ወይም ሙሉ ቦርዱ ይሞታል። ቪዲዮ ካርዱ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ደረሰኞቹ ሁሉ ከእሱ ጋር ይሁኑ።

2300_ሜትር

ኬዙን አስቢበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደት ስለሚቀንስ የሚሸከመው ሙቀትም ይቀንሳል። ኢንተርኔት ላይ የምታዪዋቸው የሙቀት ፈተናዎች እዚህ እንዳሉ አይሠሩም፤ ቤታችን ቀዝቃዛ መሆኑ በከፊል ይክሰናል እንጂ። ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ ላይ ደግሞ አየር የሚገባው በጎን ባለች ጣት የማታስገባ ክፍተት ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ሁለት ፋን ከፊት ወደ ውስጥ፣ አንድ ከኋላ ወደ ውጭ ያለው ይሁን። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራም በየስንጥቁ ሳይሆን በወንፊቱ በኩል ብቻ ይመጣል፤ በወር አንዴ ወንፊቱን አውጥተሽ ታጥቢዋለሽ። የውኃ ማቀዝቀዣ ይሻላል የሚሉሽን አትስሚ፤ እሱም በመጨረሻ ሙቀቱን የሚሰጠው ለዚያው ለሳሳው አየር ነው።

በካርዱ ላይ ከዝርዝርሽ እለያለሁ። የኤኤምዲው አርኤክስ 9070 እና አርቲኤክስ 5070 በ2025 መጋቢት አካባቢ ሲወጡ ሁለቱም መነሻ ዋጋቸው 549 ዶላር ነበር። 9070 16 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ 5070 12፤ 9070 220 ዋት ይወስዳል፣ 5070 250። ለዩፒኤስሽም ለሙቀቱም 9070 ይቀላል። አብዛኞቹ ሞዴሎቹም በተለመደው ባለ 8 ፒን ገመድ ስለሚሠሩ የአዲሱ ባለ 16 ፒን ሶኬት የመቅለጥ ስጋት የለም።

ብሎን_ፈቺ

16 ጊጋው ላይ እስማማለሁ። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ጥላን እንደ እውነቱ የሚያሰላው) ሙሉ በሙሉ የሚበራባቸው ጌሞች ላይ ግን 5070 ይቀድማል፣ ዲኤልኤስኤስም (ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ የሚያሳድገው የኤንቪዲያ ዘዴ) ብዙ ጌሞች ውስጥ ይገኛል፤ የ9070 ተመሳሳይ ዘዴ ኤፍኤስአር 4 ጥሩ ነው፣ የሚደግፉት ጌሞች ግን ያንሳሉ። ለኤፍሲና ለዶታ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው። 5070 ከመረጥሽ ባለ 16 ፒኑ ሶኬት ክፍተት ሳይታይ እስከ መጨረሻ ይገፋ፤ ገመዱም ከጫፉ 3.5 ሴንቲሜትር ሳይርቅ አይታጠፍ። የቀለጡት ሶኬቶች ላይ ደጋግሞ የታየው ምክንያት በከፊል ገብቶ መቅረት ነው።

ስትገጣጥሙ የሚሳሳተውን ልንገርሽ። ራሞቹ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሪ ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ይግቡ። የኤስኤስዲው ብረት ክዳን ሥር ያለው ላስቲክ ላይ ስስ ፕላስቲክ አለ፤ ሳይላጥ ከተከደነ ሙቀት አያስተላልፍም። ማቀዝቀዣ ለብቻ ከገዛሽ ከታቹም ተመሳሳይ ፕላስቲክ ይላጥ። ፓወር ሰፕላዩ ገመዶቹ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆነ ከሱ ጋር የመጡትን ብቻ ተጠቀሚ፤ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ በልኩ ቢገባም የውስጥ አደራደሩ ስለሚለይ 12 ቮልትን 5 ቮልት ወደሚፈልግ ቦታ ልኮ ኤስኤስዲ ወይም ቦርድ ይገድላል።

መጀመሪያ ስታበሩት ስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ዲዲአር5 ራም ከመቆጣጠሪያው ጋር እየተለማመደ ነው፤ አልሠራም ብላችሁ አታጥፉት። ከዚያ ባዮሱን አድሱ፤ በ2023 ከፍ ያለ ቮልቴጅ አንዳንድ የ7000 ትውልድ ፕሮሰሰሮችን ስላቃጠለ አዳዲሶቹ ባዮሶች የኤስኦሲ (የራም መቆጣጠሪያው ያለበት ክፍል) ቮልቴጁን 1.3 ቮልት ላይ ይገድቡታል። ይህን ዩፒኤሱ ሳይገዛ አትሞክሩት፤ ባዮስ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ካደሳችሁ በኋላ ኤክስፖን አብሩ፣ ካልበራ 6000 ብለሽ የገዛሽው ራም 4800 ላይ ይቀራል።

ዊንዶውስ 11 እዚህ እንደገና የሚጫን ከሆነ ሲጀምር ኢንተርኔት ይጠይቃል፣ የማዘርቦርዱን ዋይፋይ ግን ያለ ድራይቨር ላያውቀው ይችላል። ስልክሽን በዩኤስቢ ሰክተሽ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋራት) አብሪ፣ ያልፋል። የሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ቪዲዮ ካርዱ ላይ ይሰካ እንጂ ከላይ ያለው የማዘርቦርዱ ቀዳዳ ላይ አይደለም፤ ቀጥሎ ዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ 60 የሚለውን ወደ 165 ቀይሪ።

የሳሪሷ

9070 ከ7600 ጋር አደረግኩት፣ ራሙ 2 ፍሬ፣ ኬዙ ወንፊት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዶታ ላይ ፍሬሙ ከፍ ሲል ፒንጉም ይወርዳል?

2300_ሜትር

አይወርድም። ፒንግ ከቤትሽ እስከ ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ የዱባዩን ሰርቨር መርጠሽ ሞክሪ፣ ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ ደግሞ በዋይፋይ ፋንታ ካት 6 ገመድ ዘርጊ። ፍሬሙን ደግሞ 160 ላይ ገድቢው። ዶታ ሳይገደብ ከተተወ ሞኒተሩ ለማያሳየው ፍሬም ካርዱ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ያመሻል፤ ሲገደብ ካርዱ የሚስበው ዋት በግልጽ ይቀንሳል፣ መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ የሚሰጥሽ ደቂቃ ይረዝማል።